ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲወድቅ፣ ሲያለቅስ፣ ሆድ ሲብሰው፦ ለመምህራን ደረጃ በደረጃ

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሳለ ከኋላ ዴስክ ሲንኳኳ ይሰማል። ዞር ሲል አንድ ልጅ መሬት ላይ ወድቆ ይንቀጠቀጣል። ሃምሳው ተማሪ ተነስቶ ይከበዋል። አንዱ ክብሪት ፍለጋ ይሮጣል፣ አንዷ ትጮሃለች። መምህሩ ዩኒት ሊደሩን (የተማሪዎችን ሥርዓት የሚከታተለውን ኃላፊ) ለመጥራት ራሱ ይወጣል። ልጁ ከሃምሳ የደነገጡ ልጆች ጋር ይቀራል።

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህን በተለያየ መልኩ ደጋግሜ አይቻለሁ። የመምህሩ ልብ ደግ ነው። የሚጠፋው ቅደም ተከተሉ ነው። ማን ይሮጣል? ማን ልጁ ጋ ይቀራል? ስልኩ ላይ ምን ይባላል? ይህ ሁሉ የሚታሰበው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጭንቅላት አይሠራም።

ልጅ ሆድ ሲብሰውም እንዲሁ ነው የምንሳሳተው። ስልሳ ልጅ ፊት "ምን ሆነሃል?" እንለዋለን። "ምንም" ይለናል። እኛም ወደ ትምህርታችን እንመለሳለን። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራ ሥሩት፤ በተለይ ደረጃ 1ን አትዝለሉት።

ደረጃ 1፦ መስከረም ላይ የሚያልቅ ሥራ

ስልክና አድራሻ

1. 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 እሳትና ድንገተኛ አደጋ፣ 991 ፖሊስ ነው። በትልቁ ጽፋችሁ ከሰሌዳው አጠገብ ለጥፉ። ስልካችሁ ላይ ብቻ መዝግባችሁ አትተዉት፤ ቻርጅ ያለቀ ቀን አይጠቅማችሁም።

2. አድራሻችሁን በአንድ ትንፋሽ መናገር ተለማመዱ። ከተማችን የሚታወቀው በምልክት ነው። "አራዳ ክፍለ ከተማ፤ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲመጡ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ሳይደርሱ፣ በስተቀኝ አረንጓዴ በር ያለው ትምህርት ቤት። በሩ ላይ ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል።" ይህን የመሰለ አንድ ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ትምህርት ቤት ጻፉና ከቁጥሮቹ ሥር ለጥፉት። አምና ከጻፋችሁት ደግሞ እንደገና አንብቡት። በኮሪደር ልማቱ ብዙ የድሮ ምልክቶች ፈርሰዋል። "ከእገሌ ሱቅ ጎን" የምትሉት ሱቅ ዛሬ ላይኖር ይችላል።

3. ጥበቃውን አናግሩ። ትልቁ በር ተቆልፎ ከሆነ ቁልፉ የት ነው? ጠዋት ፈረቃና ከሰዓት ፈረቃ ላይ ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው? አምቡላንስ በር ላይ ደርሶ ቁልፍ ሲፈለግ አይቻለሁ።

4. መንገድ ሲዘጋ ምን እንደምታደርጉ ከአስተዳደሩ ጋር ቁረጡ። ግቢ ውስጥ የማን መኪና ይውላል? ራይድ ከተጠራ ማን ይከፍላል? ይህ ጥያቄ ልጅ ይዞ በር ላይ የሚጠየቅ አይደለም።

ሯጮች

ከየክፍሉ ረጋ ያሉ ሁለት ተማሪዎች ምረጡ። ሁለት የምለው በምክንያት ነው። አንዱ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ሄዶ ሰው እስኪመጣ እዚያው ይቆያል፤ ቢሮው ባዶ ከሆነ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል። ሌላው ወደ ጥበቃው ሄዶ በሩን ያስከፍታል። የሚናገሩትን አጭር ቃል አስጠኗቸው፦ "6ኛ ቢ፣ ልጅ ወድቋል፣ ቲቸር አብራው ናት።" አንድ ጊዜ አሯሩጣችሁ ሞክሩት። አንዱ የቀረ ቀን የሚተካውን ሦስተኛ ሰውም ምረጡ።

የወላጅ ወረቀት

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አጭር ወረቀት ላኩ። የሚጠየቀው ይኸው ነው፦ ልጁ የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም የማይስማማው ምግብና መድኃኒት አለው? ሁለት የሚሠሩ ስልኮች። ልጁን ከትምህርት ቤት ማውጣት የሚችለው ማን ነው?

ወላጆች ይደብቃሉ። በተለይ የሚጥል በሽታን። "ልጄን ያገሉብኛል" ብለው ስለሚፈሩ ነው፤ ፍርሃታቸውም ከባዶ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ልካችሁ አትቀመጡ። ወላጅ ለስብሰባ ሲመጣ ለብቻው ጠጋ ብላችሁ፣ "እማማ፣ ልጅዎ ክፍል ውስጥ ቢያመው ምን እንደማደርግ ማወቅ ስለምፈልግ ነው። ከእኔና ከርዕሰ መምህሩ በቀር ማንም አያየውም" በሉ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ ብትሄዱ ግን እምነቱ አለቀ። ቆልፉት።

ሣጥን

ጓንት፣ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ሁለት ጥቅል ሞዴስና ትርፍ ሹራብ። የካርቶን ሣጥን ይበቃል። ሞዴሱን ሴቶቹ ልጆች ሳይጠይቁ የሚያገኙበት ቦታ አድርጉት። ደም ልብሷ ላይ ታይቶ የተሳቀባት ልጅ ሳምንት ሙሉ ላትመጣ ትችላለች።

በመጨረሻ በሩን እዩ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከኋላው ዴስክ አታስጠጉ።

ደረጃ 2፦ ሳይፈነዳ ማየት

ልጁን ከሌላ ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ዝምተኛ ልጅ ዝም ቢል ምንም ላይሆን ይችላል። ሲቀልድ የኖረው ዝም ሲል ግን ልብ በሉ። ምገባ ላይ ተሰልፎ ወስዶ የማይበላ፣ እረፍት ሲደወል ዴስኩ ላይ ተኝቶ የሚቀር፣ ደብተሩን የሚቀድ፣ ሙቀት ሆኖ ሹራቡን የማያወልቅ፣ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት ለመሄድ የማይቸኩል። አንዱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ሁለት ሳምንት ከቆዩ ግን ደረጃ 3ን ጀምሩ።

"ስልሳ ልጅ እንዴት አያለሁ?" የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። እኔ የምሠራበት ዘዴ ይህ ነው፦ በቀን ሦስት ስም። ስም መጥሪያው ላይ በተራ ሦስት ልጆች እመርጣለሁ፤ ያን ቀን እነሱን አያለሁ፣ አንድ መስመር እጽፋለሁ። በአራት ሳምንት ውስጥ ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል። ዝም ያሉት የሚገኙት በዚህ ነው፤ የሚረብሹትንማ ማንም ያያቸዋል።

አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነበረኝ። በየቀኑ አርፍዶ 2:45 ላይ ይደርሳል። በሕጉ መሠረት አርፋጅ ውጭ ስለሚቆም ቆመ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ጥፍሩ በጠዋቱ ብርድ ሰማያዊ ሆኖ አየሁትና ነው የጠየቅኩት። ሰፈራቸው ፈርሶ ከተማው ዳር ገብተዋል። ከሌሊቱ 10:30 ተነስቶ ታክሲ ሰልፍ ይይዛል። አብረውት ያደጉት የሰፈር ልጆች በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ያን ልጅ ስንቀጣው የከረምነው በመምጣቱ ነው። አሁን የሚያረፍድ ልጅ ሳገኝ የመጀመሪያው ጥያቄዬ "አሁን የምትኖረው የት ነው?" የሚል ነው።

ደረጃ 3፦ ማነጋገር

1. ቦታ ምረጡ። ሌሎች የማይሰሙት፣ ግን የሚያዩት ቦታ ይሁን። የግቢው ዛፍ ሥር፣ የላይብረሪ ጥግ። ከልጅ ጋር በር ዘግታችሁ አትቀመጡ፤ ለእሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አትጥሩት፤ እዚያ የሚጠራው ጥፋተኛ ነው።

2. ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀመጡ። ልጁ ዓይናችሁን ስላላየ ይዋሻል አትበሉ። ትልቅ ሰው ፊት አቀርቅሮ ማውራት አብሮት ያደገ ሥርዓት ነው።

3. ያያችሁትን ተናገሩ። "ምን ሆነሃል?" ለመመለስ ከባድ ነው። "ከሰኞ ጀምሮ ምሳህን ለጓደኛህ ስትሰጥ አይቻለሁ። አሳሰበኝ" ይቀላል።

4. ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። መምህር ዝምታ አይወድም፤ እንሞላዋለን። አትሙሉት።

5. የነገራችሁን በራሱ ቃል መልሱለት። "አባትህ ማታ ሲመጣ ትፈራለህ ማለት ነው?" ከተሳሳታችሁ ራሱ ያርማችኋል፤ ያን ጊዜ ነው ወሬው የሚከፈተው።

6. "አይዞህ"ን አቆዩት። ደግ ቃል ነው፤ እናቴ ያሳደገችኝ በእሱ ነው። ግን ልጁ ሳይጨርስ ከተባለ "በቃ፣ ገባኝ፣ ተወው" ማለት ይሆንበታል። ተናግሮ ሲጨርስ በሉት። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" እና "ከአንተ የባሰ አለ" የሚሉትን ግን ከናካቴው ተዉአቸው።

7. ትንሽ፣ የሚፈጸም ነገር ስጡ። "ነገ ከፊት ተቀመጥ" ወይም "የአማርኛውን የቤት ሥራ ሐሙስ ታመጣለህ"። ከዚያ የምትገናኙበትን ቀን ቁረጡ። "ሌላ ጊዜ እናወራለን" ቀጠሮ አይደለም። "ረቡዕ በትልቁ እረፍት" ቀጠሮ ነው። ረቡዕ ደግሞ አትቅሩ።

ምስጢር እንድትጠብቁ ሲጠየቅ

"ለማንም አልናገርም" ብላችሁ አትማሉ። ይህን በሉ፦ "የምትነግሪኝን ለወሬ አላወጣውም። ግን አንቺን የሚጎዳሽ ነገር ካለ ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምንናገር አስቀድሜ እነግርሻለሁ።" አንዳንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ይዘጋል። ቢዘጋም ይሻላል፤ ቃል ገብታችሁ ካፈረሳችሁ ዳግመኛ ትልቅ ሰው አያምንም።

ካልሆነስ?

"ምንም" ካለ አትጫኑት። "እሺ። ቀስ ብለህ ልትነግረኝ ከፈለግክ ሰኞም ሐሙስም እዚህ ነኝ" ብላችሁ ልቀቁት። ብዙዎቹ የሚመጡት በሦስተኛው ጊዜ ነው። ለቅሶው ካልቆመ ውኃ ስጡት፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ክፍል አትመልሱት። ሌላ መምህር ከመረጠ ደግሞ አይክፋችሁ፤ ወደዚያ መምህር ውሰዱት።

ደረጃ 4፦ ክፍል ውስጥ ሲፈነዳ

ልጅ ሲጮህ፣ ዴስክ ሲገፋ ወይም ሲሳደብ ድምፃችሁን ከእሱ ድምፅ በታች አውርዱ። መጀመሪያ ተመልካቹን ሥራ ስጡት፦ "ሁላችሁም ገጽ 30ን ከፍታችሁ ማንበብ ጀምሩ።" ቁጣ የሚጋጋለው ታዳሚ ሲኖረው ነው። ከልጁ ሁለት እርምጃ ራቁ፣ የበሩን መንገድ አትዝጉበት። "እዚሁ መቀመጥ ወይም ከሯጩ ጋር ወጥተህ ውኃ መጠጣት ትችላለህ" በሉት። በዚያች ደቂቃ ስለ ጥፋቱ አትከራከሩ።

ትንፋሽ አጥሮት፣ ልቡ እየመታ፣ እጁ ሲደነዝዝበት "ልሞት ነው" የሚል ልጅ በድንጋጤ ተይዞ ሊሆን ይችላል። አስም እንዳለበትና እንደሌለበት ከወላጅ ወረቀቱ አረጋግጡ። ከሌለበት አብራችሁት ተንፍሱ፦ አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ በአፍ ወደ ውጭ። ፌስታል አፉ ላይ አታድርጉ። ደረቱን ካመመው ወይም በጥቂት ደቂቃ ካልተሻለው እንደ ሕመም ቁጠሩት።

ጠብ ሲነሳ መሃል አትግቡ። ሁለቱን በስማቸው ጥሩ፣ አጭር ትእዛዝ ስጡ፣ ሯጮቹን ላኩ፣ የከበቧቸውን በትኑ። ሲለያዩ በየፊናቸው አስቀምጧቸው። "ተሳሳሙ፣ ይቅርታ ተባባሉ" የሚለውን ለነገ አሳድሩት። ደሙ ሳይበርድ የተሳሳመ ልጅ ከበር ውጭ ይጠባበቃል።

ማንበርከክ፣ ኩርኩምና ጆሮ መቆንጠጥ እዚህ ላይ ይመጡብናል፤ እጃችን ለምዷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው በግልጽ ይደነግጋል። ከሕጉም ባሻገር፣ የመታችሁት ልጅ ነገ የሚደርስበትን ነገር አይነግራችሁም።

ደረጃ 5፦ የአካል ሕመም ሲደርስ

የመጀመሪያዋ ደቂቃ

1. ሰዓት እዩ። ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ አንድ ልጅ ይጻፈው።
2. "ሯጮች፣ ሂዱ። ሌሎቻችሁ ተቀመጡ።"
3. እናንተ ከልጁ አትለዩ። ማንም ይሂድ፣ እናንተ ቅሩ።
4. ስሙን ጥሩት፣ ትከሻውን ነካ አድርጉ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እዩ።
5. ካልመለሰና ካልተነፈሰ 907 ይደወል። የሰለጠነ ሰው ካለ ወዲያው ደረቱን መጫን ይጀምር። ከሌለም መሃል ደረቱን ጠንከር አድርጋችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፤ እርዳታ እስኪመጣ አታቁሙ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጉት።

የሚጥል በሽታ

በጣም የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ዴስኮቹን ገፉለት። ጭንቅላቱ ሥር ሹራብ አድርጉ። መነጽሩን አውልቁ፣ የአንገት ቁልፉን ፍቱ። አትያዙት፣ አትጫኑት፤ እጁን መያዝ መንቀጥቀጡን አያቆመውም፣ ሊሰብረው ይችላል። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። ማንኪያ በጥርሱ መሃል የተከተተበት ልጅ አውቃለሁ፤ ሲነቃ የፊት ጥርሱ ተሰብሮ ነበር። ምላሱን አይውጠውም።

ክብሪት አትጫሩ። ጭሱ መንቀጥቀጡን አያቆምም። ትርፉ አንድ ነገር ነው፦ በደንብ መተንፈስ ያቃተውን ልጅ ጭስ እንዲስብ ማድረግ። "በክብሪት ነቃ" የምንለው ብዙ ጊዜ በራሱ ሊያበቃ ሲል ስለደረስን ነው። አረፋውም አያስይዝም። በሽታው በምራቅ፣ በትንፋሽ፣ በመንካት አይተላለፍም። ይህን ለክፍሉ ከመከሰቱ በፊት አስተምሩ።

መንቀጥቀጡ ሲቀንስ በጎኑ አስተኙት፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። ሽንት አምልጦት ሊሆን ይችላልና ወገቡን በሹራብ ሸፍኑ። ሲነቃ ይደናገራል፣ ይደክማል። ስሙን እየጠራችሁ የት እንዳለ ንገሩት። ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ውኃ አታጠጡት።

መቼ ነው 907 የሚደወለው? መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ከተጎዳ፣ መተንፈስ ከከበደው፣ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ። ሰዓት እዩ ያልኩት ለዚህች 5 ደቂቃ ነው። ሰዓት ሳያዩ ሁለት ደቂቃ ሃያ ይመስላል።

ሌሎቹን በአጭሩ

ራሱን የሳተ ልጅ በጾም ወቅት፣ በሁዳዴም በረመዳንም፣ ሰልፍ ላይ ያጋጥማል። ደግፋችሁ አታቁሙት። በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን በቦርሳ ከፍ አድርጉ፣ አየር አስገኙለት። በአንድ ደቂቃ ካልነቃ ደውሉ። ስኳር ሕመም ያለበት ልጅ አልቦት ከተንቀጠቀጠና መዋጥ ከቻለ ስኳር በውኃ ወይም ለስላሳ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ደውሉ።

አስም ሲነሳ አታስተኙት። ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፣ የራሱን ፓፍ (በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት) በጥብጦ ይሳብ። ቾክ ማራገፉን አቁሙ፣ መስኮት ክፈቱ። ፓፉ ካላሻለው ወይም መናገር ካቃተው 907።

ለነስር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አታንጋሉ። ወደ ፊት ያዘንብል፣ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል 10 ደቂቃ ሙሉ ሳይለቅ ይያዝ። በየደቂቃው "ቆመ ወይ?" ብሎ መልቀቅ ነው የሚያስረዝመው።

ደረጃ 6፦ መሬት ሲንቀጠቀጥ

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቶናል። ብዙ ሰው በደረጃ እየተጋፋ ወረደ። ተማሪ በሞላበት ፎቅ ላይ መጋፋቱ ራሱ አደጋ ነው። ሲነቃነቅ፦ ዴስክ ሥር ግቡ፣ የዴስኩን እግር ያዙ፣ ከመስኮት ራቁ። ሲቆም፦ በመስመር ውጡ፣ ከግንብና ከመብራት ሽቦ ራቁ፣ ስም መጥሪያውን ይዛችሁ ቁጠሩ። ከግቢ ውጭ የሚሮጥ ልጅ እንዳይኖር በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁም።

እሳት ከሆነ ግን አትደበቁ፤ ወዲያው ውጡ፣ ጭስ ካለ ጎንበስ ብላችሁ። ሁለቱን ለየብቻ አለማምዱ፤ ልጆች ያምታቱታል።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚደነግጡ ልጆች ነበሩን። አልሳቅንባቸውም። ዴስክ ሥር መግባቱን እንደገና አለማመድናቸው። የሚያደርገውን ያወቀ ልጅ ይረጋጋል።

ደረጃ 7፦ ብቻችሁን የማትይዙት

ልጅ መሞት እንደሚፈልግ ሲናገር ወይም ሲጽፍ

1. አትደንግጡ፣ አትቆጡ። "ኃጢአት ነው" ብላችሁ አትጀምሩ።
2. በግልጽ ጠይቁ፦ "ራስሽን የመግደል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል?" ጥያቄው ሐሳቡን አያመጣባትም። ሸክሟን የምታወርድበት ቦታ ይሆናታል።
3. ብቻዋን አትተዉአት። መጸዳጃ ቤትም ቢሆን ከመምህርት ጋር ትሂድ።
4. ቤተሰብ መጥቶ ይውሰዳት፤ ታክሲ አስይዛችሁ ብቻዋን አትላኩ። የምትሸሸው ከቤት ከሆነ ግን መጀመሪያ የምታምነውን ዘመድ ጠይቁ።
5. በዚያው ቀን ሐኪም ያያት። ቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። "ሰኞ እናያለን" አይባልም።

ወላጅ "ጠበል እንወስዳታለን" ሊሉ ይችላሉ። አትጣሏቸው። "ጠበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይያት። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን እንዳያቋርጡባት" በሉ። እምነታቸውን ነክታችሁ ልጅቷን ሐኪም ጋ አታደርሷትም።

የመደፈር ጥቃት ሲነገራችሁ

ስሙ። "ለምን ሄድሽ? ለምን አልጮህሽም?" አትጠይቁ። ዝርዝሩን አታስደጋግሙ፤ ያለችውን በራሷ ቃል፣ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ልብሷን እንዳትቀይር፣ እንዳትታጠብ ቀስ ብላችሁ ንገሯት። ታጥባ ከሆነም ችግር የለም፤ ትሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ ሲሆን ይሻላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለው። ተጠርጣሪው ቤት ውስጥ ካለ መጀመሪያ ወደ ቤት አትደውሉ። ትምህርት ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ "በግቢው እንፍታው" የሚል ሽማግሌ ይመጣባችኋል። አትቀበሉ። 991 ደውሉ።

ደረጃ 8፦ በማግስቱ

ልጁ ከመመለሱ በፊት ክፍሉን አናግሩ። ከልጁና ከወላጁ ፈቃድ ካገኛችሁ የሕመሙን ስም ንገሩ፤ ካላገኛችሁ "ትናንት አሞት ነበር፣ ዛሬ ደህና ነው" ይበቃል። የፊልሙን ነገር ጠይቁ። በስልክ የቀረጸ ካለ ፊታችሁ ያጥፋው፣ የላከላቸውንም እንዲያጠፉ ያድርግ።

ሲመጣ አጨብጭባችሁ አትቀበሉት። በር ላይ ጠብቁት፣ "ደህና አደርክ? ቦታህ እዚያው ነው" በሉት፣ ያመለጠውን ትምህርት ደብተር ስጡት። ሽንት ያመለጠው ልጅ የሚፈራው ወደ ክፍል የሚገባባትን የመጀመሪያዋን ደቂቃ ነው። እሷን አሳልፉለት።

የክፍል ጓደኛ ከሞተ ወንበሩን በዚያው ቀን አታንሱት። ልጆቹ ለቅሶ መድረስ ከፈለጉ በወላጅ ፈቃድ ከመምህር ጋር ይሂዱ። ማልቀስ ያልቻለውንም አትውቀሱት።

የሆነውን በዚያው ቀን ጻፉ፦ ሰዓት፣ ያያችሁት፣ ያደረጋችሁት፣ የደወላችሁለት። አስተያየት አትጨምሩበት። እናንተም ማታ ቤት ገብታችሁ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ለአንድ ባልደረባ ደውሉ። የልጁን ስም ሳትጠሩ የደረሰባችሁን ተናገሩ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ለማንም ሳልናገር ሁለት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ በማይረባ ነገር ጮህኩ።

ከዚያ ሣጥኑን ክፈቱ። ያለቀውን ጓንትና ሞዴስ ተኩ፣ ሹራቡን አሳጥቡ። ሯጮቹን ለብቻቸው ጠርታችሁ የተደናገሩበት ቦታ የት እንደነበር ጠይቁ። ቢሮው ተዘግቶ ከነበረ የሚሄዱበትን ሌላ ቢሮ ዛሬውኑ አሳዩአቸው።